በጋ የሚከፈት፣ ክረምት የሚገጥም ግንብ

ከእንግዲህ ስለ ቤት የሚጠይቀኝ ሰው ባይኖር ደስ ይለኛል። ስለ ሰሊጥ ጠይቁኝ፤ ስለ ትራክተር፣ ስለ እባብ መድኃኒት፣ ስለ ሱዳን ገበያ ጠይቁኝ፤ ሁሉንም እመልሳለሁ። ስለ ቤት ግን ደክሞኛል። የደከመኝ ስለማላውቅ አይደለም፤ ስለማውቅ ነው። የማያውቅ ሰው ምን ያደክመዋል? ተኝቶ ያድራል።

ማን እንደሆንሁ ካላወቃችሁ ነገሩ አይገባችሁም። እኔ ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። ማንበብ የለመድሁት የጭነት መኪና ጎን ላይ የተጻፈውን እያየሁ ነው፤ መኪናው አይቆምልኝም ነበርና እስከ ዛሬ ፈጣን አንባቢ ነኝ። ግንበኝነቱን ያወቅሁት ሌሎች ሲሠሩ አጠገባቸው ቆሜ ስህተታቸውን በመንገር ነው። ትራክተርም ፈትቼ ገጥሜ አውቃለሁ፤ ስጨርስ መሬት ላይ የቀረው ብሎን ብዙ አልነበረም፤ ትራክተሩም ሄዷል። ይህን ሁሉ ዕውቀት ይዤ ሽንፋ አካባቢ ባለ አንድ የእርሻ ኮሌጅ፣ ስሙን አልጠራም፣ የጥገና ሠራተኛ ሆኜ ኖርሁ። ጡረታ ከወጣሁ ቆይቷል። ክፍሌን እንድለቅ የነገረኝ ሰው ግን የለም። ቢነግሩኝም የምሰማ አልመሰላቸውም፤ አልተሳሳቱም።

ክፍሌ ያለችው በግንቡ ቤት ጫፍ ነው። ግንቡ ቤት የምንለው በግቢው ካለው ቤት ሁሉ ዕድሜው የሚበልጥ ረጅም የድንጋይ ቤት ነው። ድሮ የጥጥ መጋዘን ነበር አሉ። ማን እንደሠራው የሚስማማ የለም። አንዱ የግሪክ ነጋዴ ነው ይላል፣ ሌላው ጣልያን ነው ይላል፣ ሱዳን የሚመላለሱት ደግሞ ቱርክ ነው ይላሉ። እኔ የጠያቂውን ፊት አይቼ ነው የምመልሰው። ግድግዳው ወፍራም፣ ጣሪያው ከፍ ያለ ነው። ውጭ ምድር ሲቃጠል እዚያ ውስጥ የገባ ሰው ወንዝ ዳር የተቀመጠ ይመስለዋል።

ኮሌጁ ሲከፈት ቤቱ የሴት ተማሪዎች ማደሪያ ሆነ። የእኔ ክፍል በዚያኛው በኩል የራሷ በር አላት፤ በእኔና በተማሪዎቹ መካከል አንድ ክንድ ድንጋይና የሻረግ አሉ። የሻረግ ተማሪዎቹ እትዬ የሚሏት፣ ማደሪያውን የምትቆጣጠር ፕሮክተር ናት። ከእኔ ብዙም አታንስም፤ እንደምታንስ ግን ታወራለች። ካሉት ተማሪዎች አንዷ የልጄ ልጅ ትርንጎ ናት፤ የእንስሳት ጤና ልትማር ከአብርሃ ጅራ መጥታ። አልጋዋ ከምዕራቡ ግድግዳ ሥር ነው። ያንን አልጋ ያስያዝሁላት እኔ ነኝ፤ ከቤቱ ሁሉ የሚቀዘቅዘው እሱ ነውና።

አሁን ስለ አፈሩ ልንገራችሁ፤ መከራው ሁሉ ከአፈሩ ነው። የእኛ አገር አፈር ዋልካ ነው። ጥቁር ነው፤ ዝናብ ሲጠጣ ያብጣል፣ ፀሐይ ሲመታው ተሰነጣጥቆ እግር ይውጣል። ማሽላና ሰሊጥ ይወዱታል። ቤት ግን በላዩ ሲቀመጥ ከእሱ ጋር ወጣ ገባ ይላል። ስለዚህ የቆላ ግድግዳ በጋ ይከፈታል፣ ክረምት ይገጥማል። የግንቡ ቤት ምዕራብ ግድግዳም እንዲሁ ነው፤ ስንጥቁ ከውጭ እስከ ውስጥ ያልፋል። ሚያዝያ ላይ እጅ ይገባበታል፣ ነሐሴ ላይ ምላጭ አይገባበትም። ማንም አይደነግጥበትም ነበር። የሻረግማ የጥርስ መፋቂያዋን የምታስቀምጠው ከዚያ ስንጥቅ ውስጥ ነው። ክረምት ሲገባ ግድግዳው ይይዝባታል፤ ጥር ላይ ስንጥቁ ሲላቀቅ መፋቂያው ራሱ ይወድቅና ታነሳዋለች።

አንድ በጋ ታዲያ ስንጥቁ ከልኩ አለፈ። ማንንም ሳላማክር ድጋፍ ሠራሁለት። ከወንዝ ድንጋይ አመጣሁ፤ ከወፍጮ ቤት የተጣለ ያረጀ የወፍጮ ድንጋይ አንከባልዬ ጨመርሁ፤ ከሥሩ ደግሞ የነዳጅ በርሜል በሲሚንቶ ሞልቼ ተከልሁ። ላዩን በኖራ ለሰንሁት። ከታች ሰፊ፣ ከላይ ጠባብ፣ ጎኑ ያበጠ ሆኖ ሲቆም ግድግዳውን ተደግፎ ያንቀላፋ ዝሆን መሰለ። ግቢው ሁሉ ዝሆኑ ይለዋል። እኔ ለመጣ እንግዳ ሁሉ አስጎበኘዋለሁ። ከሠራኋቸው ሥራዎች ሁሉ እሱን እወደዋለሁ፤ ብዙዎቹ ስለፈረሱ ደግሞ ቀሪው እሱ ነው።

እንግዲህ አዲስ ዲን መጣልን። ከጎንደር የመጣ ወጣት፣ ጨዋ፣ ላብ የሚበዛበት ሰው ነው። በሚያዝያ ግቢውን ሲጎበኝ ከስንጥቁ ፊት ቆመ። እጁን አስገባ፤ እስከ አንጓው ገባ። ሲያወጣው የየሻረግን መፋቂያ ይዞ ወጣ። መፋቂያውን አየ፣ ግድግዳውን አየ፣ እኔን አየኝ። በዚያው ሳምንት የሕንፃ ደኅንነት ባለሙያዎች አስጠራ።

ባለሙያዎቹ ሲመጡ ሐሩሩ ሰው የሚያቀልጥበት ወር ነበር። በዚያ ወር በእኛ አገር ቤት ውስጥ የሚተኛ የለም። ሁሉም በገመድ የተጠለፈ አልጋውን፣ አንገረቡን፣ ተሸክሞ ይወጣል። የተማሪዎቹም አንገረቦች በኒሙ ዛፍ ሥር ተደርድረዋል። የባለሙያዎቹ አለቃ የደጋ ሰው ነው። አንገረቦቹን አይቶ ፊቱ ጠቆረ። ለጓደኛው ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ምስኪኖች፣ ቤቱ እንዳይወድቅባቸው ፈርተው ሜዳ ላይ ያድራሉ አለው። እኔ ጣልቃ ገባሁ። በዚህ ወር ሀብታሙም፣ ፖሊሱም፣ ቄሱም ሜዳ ላይ ነው የሚያድረው፤ እኔም እዚያው ነኝ አልሁት። ትከሻዬን መታ መታ አደረገና፣

«አባቴ፣ ለምደውት ነው» አለኝ።

ከዚያ ዝሆኑን ዞረው አዩት። ግድግዳውን የሚጥለው ይሄ ነው ተባባሉ። ለብቻው ስለተተከለ ለብቻው ይሰምጣል፤ ሲሰምጥ ግድግዳውን ይዞ ይጎትታል አሉ። ማን እንደሠራው ይታወቃል ወይ ብለው ጠየቁ። ደረቴን ነፍቼ እኔ ነኝ አልሁ። አለቃው ከራስ ፀጉሬ እስከ ጫማዬ አየኝና ወደ ወረቀቱ ተመለሰ። ሲሄዱ በግድግዳው ላይ በቀይ ቀለም ትልቅ መስቀለኛ ምልክት አደረጉ። ክረምት ሳይገባ ይፍረስ ማለት ነው።

በዚያ ቀን ራት አልበላሁም። እውነቱን ለመናገር በልቻለሁ፤ ግን አልጣመኝም።

በማግሥቱ ጀለቢያዬን ለብሼ መተማ ዮሐንስ ወረድሁ። ለቅርስ ሰዎች ስለ ቤቱ ነገርኋቸው። ግሪክም፣ ጣልያንም፣ ቱርክም አልሁ፤ የትኛውን እንደሚወዱ አላውቅም ነበርና ሁሉንም ሰጠኋቸው። መጥተን እናየዋለን አሉኝ። እስኪመጡ ድረስ ያዳነን ዝናቡ ነው። የማፍረሻው ማሽን መንገድ ላይ ሳለ ዝናብ ቀድሞ ጣለና ዋልካው ያዘው። ቀልድ አይደለም፤ ጎማው ጠፍቶ ወንበሩ ብቻ ነበር የሚታየው።

የቅርስ ባለሙያዋ በሐምሌ በጭቃው ውስጥ መጣች። የተማረች፣ የፕላስቲክ ቦት ያደረገች፣ ደግ ሴት ናት። ስትመጣ ስንጥቁ ገጥሟል። ተማሪዎቹ ዝናቡን ሸሽተው ውስጥ ናቸው፤ በየመስኮቱ ልብስ ተሰጥቷል፤ አንዷ ታንጎራጉራለች። ባለሙያዋ ስንጥቁ የታለ ብላ ጠየቀች። ዲኑ እዚህ ነበር እያለ ግድግዳውን ይደባብስ ጀመር። የሚታየው ነገር የየሻረግ መፋቂያ ብቻ ነው፤ ሌላ ሰክታ ግድግዳው ገጥሞባት ጫፉ ወጥቷል። ባለሙያዋ ጎንበስ ብላ መረመረችው። ግንበኞቹ የተዉት የእንጨት ካስማ ሊሆን ይችላል፣ ማንም እንዳይነካው አለች። የሻረግ አፏን በነጠላዋ ያዘች።

ከዚያ ዝሆኑን አየችው።

ዞረችው። ፎቶ አነሣችው። ልስኑን በእጇ ዳሰሰችው። እንዲህ ያለ አሠራር በየትም አይታ እንደማታውቅ ለዲኑ ነገረችው። እኔ ልቤ ሞልቶ ፈሰሰ።

«የሠራሁት እኔ ነኝ» አልኋት።

«አባቶቻችን ሠሩት ማለትዎ ነው።»

«አባቴ ሸማኔ ነበር። እኔ፣ በዚህ እጄ ነው የሠራሁት። ከሥሩ በርሜል አለ።»

ፈገግ አለች። የአካባቢው ሰው ቅርሱን እንደ ራሱ ሥራ ቆጥሮ ሲናገር መስማት ደስ ይላል አለች ለዲኑ። እኔ በዕድሜዬ ያላደረግሁትን ሁሉ አድርጌአለሁ ብዬ ስናገር ሰው አምኖኛል። አንበሳ በከዘራ አባርሬአለሁ ብዬ የታመንሁ ሰው ነኝ። በዚያ ቀን እውነት ተናገርሁና የሚያምነኝ ጠፋ።

እንግዲህ ሰማያዊ ሰሌዳ መጣ። ቅርስ ነው፤ መጠገን፣ መለሰን፣ ምስማር መምታት፣ ማፍረስ ክልክል ነው ይላል። ሰሌዳውን በምስማር መቱት። ቦታ ስላልነበረ ከቀዩ ምልክት ጎን ነው የመቱት።

ከዚያ በኋላ የኖርነውን ኑሮ ማስታወስ ራሱ ያደክማል። ጣሪያው ያፈስሳል። ቆርቆሮው ላይ አንድ ምስማር ብመታ ይቆማል፤ ነገር ግን የቅርስ ሰዎች ምስማር አይመታም ብለዋል፣ የደኅንነት ሰዎች ጣሪያው ላይ ሰው አይወጣም ብለዋል። ስለዚህ ሳፋ አስቀመጥን። ሳፋው ሲሞላ ሌላ ሳፋ። የክፍሌ በር ደግሞ ዝናቡን ጠጥቶ አበጠና አልከፈት አለ። መላጊያዬን ይዤ ስቀርብ ዲኑ እጁን እያርገበገበ ሮጦ መጣ፤ በሩም ቅርስ ነው አለኝ። በመስኮት መግባት ጀመርሁ። በዚህ ዕድሜዬ፣ በዚህ ጉልበቴ፣ አንድ እግሬ ውስጥ አንድ እግሬ ውጭ ሆኜ ስንት ጊዜ የሻረግ እንደደረሰችብኝ እግዜር ይወቀው።

«አንቱ፣ በስተርጅና ሌባ ሆኑ?» ትለኛለች። «ሲሆን የሰው ቤት ይሰረቃል፤ የራስን ቤት የሚሰርቅ አላየሁም።»

ዲኑም ከሳ። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ትእዛዝ ተቀምጧል፤ ሁለቱም ማኅተም አላቸው። አንዱ አፍርስ ይለዋል፣ አንዱ እንዳትነካ ይለዋል። ተማሪዎቹን ወደ አዲሱ የቆርቆሮ ቤት አዛወራቸው፤ ዝናቡ ጋብ ባለ ቀን ቆርቆሮው እንደ ምጣድ ግሎ አንዷ ልጅ ራሷን ሳተችና ሁሉም ፍራሻቸውን ተሸክመው ወደ ግንቡ ቤት ተመለሱ። እኔ በበረንዳው ላይ ቆሜ ተቀበልኋቸው። አይዟችሁ አልኋቸው፤ ይህ ግንብ ሁላችንንም ይቀብራል እንጂ አይወድቅም።

«የፈራነውስ እሱን ነው» አለች የሻረግ።

ዝናቡ በመስከረም አጋማሽ ቆመ። ፀሐዩ እንደ አበዳሪ መጣ። በጥቅምት፣ የሰሊጥ አጫጆች ከደጋ እየወረዱ በግቢው አጠገብ በሚያልፉበት ሰሞን፣ ትርንጎ መስኮቴ ሥር መጥታ ጠራችኝ። በእጇ የየሻረግን መፋቂያ ይዛለች።

«አባባ፣ ወደቀ» አለችኝ። «የእኔ አልጋ ላይ።»

ጥር ላይ የሚወድቀው መፋቂያ በጥቅምት ወደቀ። ነፋስ ነው አልኋት። ጥቅምት ላይ በእኛ አገር ነፋስ እንደሌለ እሷም ታውቃለች። መፋቂያውን አልሰጠችኝም፤ ይዛው ሄደች። ለዲኑ እንዳሳየችው የሰማሁት በኋላ ነው።

ዲኑ ሁለቱንም ወገን በአንድ ቀን ጠራ። ከዚያ በፊት ተያይተው አያውቁም። በግቢው መካከል፣ በዝሆኑ ፊት፣ የደኅንነቱ አለቃና የቅርሷ ባለሙያ ተፋጠጡ። እሱ እጁን ስንጥቁ ውስጥ አስገብቶ ይኸው አላት። እሷ በሐምሌ ያነሣችውን ፎቶ ከስልኳ አውጥታ ይኸው አለችው። እሱ ዓይን የለሽም ወይ ለማለት ምንም አልቀረው፤ እሷ ፎቶ ይዋሻል ወይ አለችው። ሁለቱም እውነት ይናገራሉ። እኔ እዚህ ላይ ነው ዕውቀቴን የማሳየው ብዬ ስለ ዋልካ ማስረዳት ጀመርሁ። ስለ ማበጡ ነገርኋቸው፣ ስለ መሰንጠቁ ነገርኋቸው፣ ስለ ትራክተሩም ጨመርሁበት። ሲሰሙኝ ቆዩና የደኅንነቱ አለቃ ስለዚህ በየዓመቱ ይነቃነቃል ማለት ነው አለ። የቅርሷ ባለሙያ ስለዚህ ይህን ሁሉ ዓመት ችሎ ቆሟል ማለት ነው አለች። ከእኔው ንግግር ሁለቱም የየራሳቸውን ወስደው ጠባቸውን ቀጠሉ።

ሰው አይኑርበት አለ እሱ። ሰው የማይኖርበት ቤት የሌሊት ወፍ ወርሶት ይፈርሳል አለች እሷ። ተማሪዎቹ በረንዳው ላይ ተሰብስበው ያዳምጣሉ። ዲኑ ላቡን ጠረገና ደከም ባለ ድምፅ፣

«እኔን አንድ ነገር ብቻ ንገሩኝ» አለ። «እነዚህ ልጆች ዛሬ የት ይደሩ?»

እሱ ስንጥቁን፣ እሷ ስልኳን ማየት ጀመሩ። የሻረግ ወደ እኔ ዞረች።

«አንቱ ይንገሩን» አለችኝ። «ቤቱን ከማንም በላይ አውቀዋለሁ እያሉ ነው የኖሩት። ትርንጎ ዛሬ ከዚያ ግድግዳ ሥር ትደር? ትደር ካሉ ሁሉም ይደሩ።»

ስትናገር አልሳቀችም። ብትስቅ እመልስላት ነበር።

ትርንጎን አየኋት። በረንዳው ጫፍ ላይ ቆማለች፤ ፀጉሯን ለፈተና ሹሩባ ተሠርታለች። ትደር ልል አፌን ከፈትሁ። ለዚህ አፍ የሚከብደው ነገር እንደሌለ ታውቃላችሁ። አንበሳ ያባረረ አፍ ነው። ምላሴ ግን ለብቻዋ ሄደች።

«አትደርም» አልሁ።

 የደኅንነቱ አለቃ ድጋፉም ዛሬውኑ መነሣት አለበት፣ ክብደቱ ነው የሚጎትተው አለ። የቅርሷ ባለሙያ ከፊቱ ቆመች። ቤቱን እንደፈለጋችሁ፣ ይህን ግን አላስነካም፤ አቻ የለውም አለች። የተናገረችው ሁሉ ደስ የሚል ነገር ነበር። ስለ እኔ እንዲህ የተናገረ ሰው የለም፤ ወደፊትም የሚኖር አይመስለኝም። ትንሽ ላዳምጣት ፈለግሁ፤ አዳመጥኋት። ከዚያ መዶሻዬን ከመስኮቴ ሥር አመጣሁ።

ዲኑ ቅርስ ነው ብሎ ጮኸ። እኔ ከዝሆኑ እግር ላይ ልስኑን መታሁት። ረገፈ። ደግሜ መታሁት። ከኖራው ሥር የበርሜሉ አረንጓዴ ቀለም ብቅ አለ፤ በቀለሙ ላይ ናፍጣ የሚል ጽሑፍ አለ። አጻጻፉም የራሴ ነው፤ ናፍጣውን ከቤንዚን ለመለየት እኔው በቡሩሽ የጻፍሁት።

ባለሙያዋ ከድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ጽሑፉን ደግማ አንብባ፣

«እውነትዎን ነበር እንዴ?» አለችኝ።

«እውነቴን ነበር» አልኋት።

በዕድሜዬ ሁሉ ሠራሁ ካልሁት ነገር በማስረጃ ያሳመንሁት ይህን አንዱን ነው፤ ያሳመንሁትም እንዲፈርስ ነው።

ዝሆኑ ከተነሣ በኋላ ነገሩ ቀለለ። ባለሙያዋም ግድግዳው እንጂ ዝሆኑ ቅርስ አይደለም ስትል ጊዜ ሁለቱ መስማማት ጀመሩ። ግድግዳው በግንድ ይደገፍ፤ በኖራና በራሱ ድንጋይ፣ ሥራውን በሚያውቁ ግንበኞች ቀስ ተብሎ ይጠገን፤ እስከዚያ ሰው አይደርበት ተባለ። ሥራውን በሚያውቁ ሲባል ሁሉም ወደ እኔ አለማየታቸውን አስተውያለሁ። የት ይደሩ ለሚለው ደግሞ ዲኑ ራሱ መልስ አገኘለት። በግቢው ከግንቡ ቤት ቀጥሎ የሚቀዘቅዘው የእሱ ቢሮ ነበር። ጠረጴዛዎቹን አስወጣና ልጆቹን አስገባበት፤ እሱ በሳር የተከደነ ዳስ፣ ራኩባ የምንለውን፣ አሠርቶ ከሥሩ ተቀመጠ። ማኅተሙን ድንጋይ ይጭንበታል፤ ወረቀቱን ዶሮ ይረግጥበታል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ላቡ ቀንሷል።

የሻረግም መፋቂያዋን አስመለሰች። የግንበኞች ካስማ ነው ብላ ከዲኑ የተቀበለችው ባለሙያዋ ትንሽ ታገለች፤ በመጨረሻ ሰጠቻት።

የግንቡ ቤት ቁልፍ አሁን በእኔ እጅ ነው። ማንም እንዳይገባ የምጠብቀው እኔ ነኝ፤ ያለ እኔ ሊገባ የሚሞክር ስለሌለ ሥራው ቀላል ነው። አሁን ደግሞ ሚያዝያ ነው። ግንዶቹ ግድግዳውን ደግፈውታል፤ የተባሉት ግንበኞች ገና አልመጡም፤ ስንጥቁም በልኩ ተከፍቷል። እንግዳ ሲመጣ ዝሆኑ የነበረበትን ቦታ አሳየዋለሁ፤ ስነግረው፣ ከነበረው ትንሽ ይተልቃል።

ለጠየቀኝ ሁሉ የምለው አንድ ነው፤ ይህ ግንብ አይወድቅም። ዛሬም እምላለሁ። አንገረቤን የማወጣው ግን ኒሙ ሥር ነው። የግድግዳውን ቁመት በዓይኔ ለክቼ፣ መሬት ላይ አጋድሜ በእርምጃ ቆጥሬ፣ ትንሽም ጨምሬበት ነው የዘረጋሁት። የሻረግ ለምን እንዲህ እንደራቅሁ ጠየቀችኝ። ነፋሱ የሚመጣው እዚህ ነው አልኋት።

ግድግዳውን አየች፣ አንገረቤን አየች። ከዚያ የራሷን አንገረብ እየጎተተች አምጥታ ከእኔ ኋላ ዘረጋች።